የፉሪው ሸራና የብርቄ ዓይኖች

ባለፈው ሐምሌ በመርካቶ ሰባተኛ በኩል ሳልፍ፣ ዝናብ ሲደበድበው ያደረ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ነበርና፣ በጎኑ ተጠግቼ ላልፍ ስል የረጠበው ሸራ ሽታ፣ ያ ሰምና ሞራ የተቀላቀለበት፣ ትንሽ የሚከረፋ ትንሽ ደግሞ የማር ቀፎ የሚሸት ነገር፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ እግሬን ያዘው። ከኋላዬ ጆንያ ተሸክሞ የሚመጣ ወጣት «እማማ፣ ይለፉና ይቁሙ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ እውነቱን ነው፣ መርካቶ መሀል ቆሞ የሚያስታውስ ሰው ለራሱም ለሌላውም አይበጅም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሽታው ጋር አብሮ የመጣው ስሜትም ናፍቆት አልነበረም። ቅናት ነበር፤ ያኔ አንጀቴን ሲበላው የነበረው ያው ቅናት፣ ዛሬም ከነትኩሳቱ።

አባቴ ሸራ ሰፊ ነበር። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ ለካሚዮን፣ ለድንኳን፣ ለጉልት ጥላ የሚሆን ሸራ ይሰፋ ነበር፤ እኛም ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ከሌሎች አራት ቤተሰቦች ጋር እንኖር ነበር። ወደ አሰብና ወደ ጅማ የሚወርዱ ሾፌሮች ክረምት ሊገባ ሲል እየተሻሙ ይመጡና «የበላይነህን ስፌት ውሃ አያውቀውም» እያሉ ያሞካሹት ነበር። ምስጢሩ ክሩ ላይ ነበር። ሲባጎው መርፌ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሰም ድቡልቡል ላይ ሦስት ጊዜ ተጎትቶ፣ ሰሙን እስከ ውስጡ ጠጥቶ፣ ከዚያ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆን ነበር። ሰም ያልጠጣ ክር በጋውን ደህና መስሎ ይከርምና ዝናብ ሲነካው በስብሶ ይተረተራል።

ከቤታችን የማይወጣ ሌላ ምስጢርም ነበረን። የአባቴ ዓይን ደክሞ፣ ቅርቡን ማየት አቅቶት የመርፌውን ቀዳዳ በጣቱ እየዳሰሰ ይፈልግ ነበር፤ መነጽር ማድረግ ግን ለሸራ ሰፊ ውርደት መስሎ ይታየው ነበርና፣ ደንበኛ ፊት «አስካለ፣ ዓይኔ፣ ነይ እስቲ» ብሎ ይጠራኝና መርፌውን ሰጥቶኝ እሱ ጨዋታውን ይቀጥል ነበር። እኔ ደግሞ ክር ለማስገባት የተፈጠርኩ ነበርኩ። መርፌውን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ፣ አንዴ ብቻ ክሩን በምራቄ አርጥቤ፣ ሾፌሩ ወሬውን ሳይጨርስ አስገብቼ እመልስለት ነበር። በግቢያችን አሥራ ምናምን ልጆች ነበርን፤ ለአባቱ ዓይን የሆነ ግን ከእኔ ሌላ አንድም አልነበረም፤ ይህን እያሰብኩ ጎረምሳ ዶሮ ሆኜ እንጎራደድ ነበር።

ብርቄ የመጣችው አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት ነው። ጎጃም የነበረችው የአባቴ እህት ሞታ ባሏ ሌላ ሚስት ሲያገባ፣ አባቴ «የእህቴን ልጅ የእንጀራ እናት አያሳድጋትም» ብሎ በአንድ ሾፌር እጅ አስመጣት። ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ አንገቷ ረዥም፣ ቀጭን፣ ስትናገር አሻግራ የምታይ ልጅ ነበረች። እናቴ ገና ከደጅ ስታያት አልቅሳ አቀፈቻትና ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤታችን ሕግ «እናት የላትም» የሚል ሆነ። ትልቁ ቁራጭ ለብርቄ ነው፣ እናት የላትም። ሙቅ በሆነው በግድግዳው በኩል ብርቄ ትተኛለች፣ እናት የላትም። አንድ ቀን በግኜ «እኔስ እናት አለኝ እንዴ?» ብዬ እናቴን ብጠይቃት በጥፊ መለሰችልኝ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል፤ ብርቄ ግን ወር አለፋት፣ ሁለት ወር አለፋት፣ ወርቅነቷ አልለቅ አለ። የዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ምዝገባ ስላለፋት አባቴ «ለከርሞ መስከረም አንቺንም ከአስካለ ጋር አስገባሻለሁ» ብሎ በራጉኤል ስም ማለላት፤ እሷም ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ጉልበቱን ሳመች።

ከሁሉ የከፋው መልካም ልጅ መሆኗ ነበር። ክፉ ብትሆን ኖሮ ሥራዬ በቀለለኝ። ውሃ ከቦኖ ቀድታ ስትመጣ የእኔንም ባልዲ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ስመታ ታለቅሳለች። ደጃፍ ላይ አብረን ስንቀመጥ ግን ከመንገዱ ማዶ ገና ጥላ የሚመስለውን ሰው «ያው ጋሼ ሞላ መጡ፣ ዛሬ ደግሞ ጫማቸው ተቀዷል» ትልና እውነትም ጋሼ ሞላ ጫማቸው ተቀዶ ይመጣሉ። እኔ ሰው የምለየው በአካሄዱና በድምፁ ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ስለነበር የእሷን ነገር እንደ ጉራ ቆጥሬ «ወሬኛ» እላት ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀልም አልፎ፣ ጥቅምት እንደገባ አንድ ፈረንጅ ከአንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ጋር ሱቃችን ደጅ ደረሱ። ፈረንጁን ሰው ሁሉ ዶክተሩ ይላቸው ነበር፤ ሕመምተኛ ግን አያክሙም፣ የሰማይ ተመራማሪ ነበሩ። ወጣቱ ረዳታቸውና አስተርጓሚያቸው ሲሆኑ አቶ ሰይፉ ይባሉ ነበር፤ እኛ ልጆች ጋሼ ሰይፉ አልናቸው። ፉሪ ተራራ አናት ላይ የደቡብን ሰማይ የሚያጠኑበት ቤት ሠርተዋል። ጋሼ ሰይፉ እንዳስረዱን በዶክተሩ አገር ሆነው ቢያንጋጥጡ ዘላለም የማይታይ የሰማይ ወገን አለ፤ ከእኛ አገር ግን በደቡብ በኩል ብቅ ይላል፤ ፉሪ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ የከተማው መብራት በጀርባው ስለሚቀር ፊቱ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ጨለማ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ትልቁ ቴሌስኮፕም ገብቷል፤ እየተንሸራተተ የሚከፈተው የብረት ጣሪያ ግን ወደብ ላይ ቀርቶ መቼ እንደሚደርስ አልታወቀም። ስለዚህ ቀን መሣሪያውን የሚሸፍን፣ ሲመሽ መሀል ለመሀል ተከፍሎ በገመድ የሚሰበሰብ የሸራ ጣሪያ ፈለጉ።

አባቴ ጢሙን እየነካካ አዳመጠና «እንግዲህ የማይሄድ ካሚዮን ማለት ነው» አለ። ጋሼ ሰይፉ ተርጉመውላቸው ዶክተሩ ከት ብለው ሳቁ። «ግን ሳልለካ አልሰፋም፤ ያውም ራሴ፣ ተራራው ላይ።»

ወሬው በግቢው ተዛመተ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «እንደ ሲኒማ ራስ ትኬት ይቆረጣል ወይ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ደግሞ «ኮከብ አይቆጠርም፤ ኪንታሮት ያወጣል» ብላ አስጠነቀቀች። እኔ ሌሊቱን ጫማዬን አጠገቤ አድርጌ ነው ያደርኩት፤ የአባቴ ዓይን እኔ ስሆን ሌላ ማን ሊሄድ ነው? ጠዋት አባቴ ኮቱን እየለበሰ «ብርቄ ትምጣ» አለ። «አስኩ ትምህርት አለሽ። ደግሞ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ስቆም ከወዲያ ማዶ ቁጥሩን የምታይልኝ ያስፈልገኛል፤ የብርቄ ዓይን ሩቅ ይሄዳል።» ቁጥር ያስተማርኳት ማን ሆነና! ማታ ማታ በደብተሬ ላይ፣ ከእኔ ማነሷን እንድታውቀው ብዬ፣ ከአንድ እስከ መቶ ያስቆጠርኳት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሲመለሱ ብርቄ አፏ አልገጥም አለ። ሲመሽ ዶክተሩ ወደ ደቡብ አዙረው አቁመዋት፣ ሦስት ደማቅ ኮከቦች አሳይተው፣ በሦስቱ መሀል ስንት እንደምታይ አስጠየቋት። የሰማዩን ጥራት በየቀኑ የሚለኩት እንዲህ በባዶ ዓይን እያስቆጠሩ ነበር፤ የእሳቸውና የጋሼ ሰይፉ ዓይን በንባብ የደከመ ስለነበር የልጅ ዓይን ማግኘታቸው አስደሰታቸው። ጋሼ ሰይፉ አምስት ሲያዩ ብርቄ አሥራ አንድ ቆጠረች። ዶክተሩ በደብተራቸው ላይ ቁጥሩን ጻፉ፤ ከቁጥሩም አጠገብ ስሟን ጻፉ። «ብርቅነሽ ብለው በእነሱ ፊደል ጻፉት፣ አጎቴ አይቷል» አለች። አባቴም በኩራት ራሱን ነቀነቀ።

ስሜ ከትምህርት ቤት መዝገብ በቀር የትም ተጽፎ አያውቅም። «ውሸቷን ነው!» አልኩ። «በሦስት ኮከብ መሀል አሥራ አንድ ኮከብ አይገባም። ሰማይ ላይ ያለው ጭጋግ ብቻ ነው፣ እኔም አያለሁ!» እውነት ነበር የመሰለኝ። እኔ ወደ ላይ ሳይ የማየው እዚህም እዚያም ፈዘዝ ያለ ድፍርስ ነገር ነበር፤ ኮከብ ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። አባቴ «ቅናት አጥንት ያነቅዛል፣ ልጄ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ደግሞ ለሳምንታት በየጠዋቱ የብርቄን ጣቶች እየያዝኩ ኪንታሮት ፈለግኩባት። አንድም አልወጣባትም።

ኅዳርን ሙሉ የፉሪው ሸራ ተሰፋ። ከሱቁ አልፎ ግቢውን ስለሞላው ጎረቤት ሁሉ እየተሻገረው ይወጣ ይገባ ነበር። አባቴ ሥራ ከፋፈለልን፤ የመሀሉን ስፌት፣ ሁለቱ ግማሾች በገመድ የሚገጥሙበትን ጠርዝ የሚይዘውን ክር ሰም የምታስነካው ብርቄ ሆነች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አግዛት ነበር። ክሩ ሁሉ የሚቀመጠው በእሷ ቅርጫት ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ አባቴ ቆሞ ደንበኛ ሲሸኝ፣ «ብርቄ፣ ዓይኔ፣ መርፌውን እስቲ» ሲል ሰማሁት። ያች ቃል የእኔ ነበረች። ብርቄ ክሩን አስገብታ ሰጠችውና ባልዲዋን አንስታ ወደ ቦኖው ሄደች፤ እኔም ግቢው ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የድርሻዬን ክር ሰም ሳላስነካ፣ ደረቁን፣ ሰባት ልቃቂት ጠቀለልኩ። ከዚያ የየልቃቂቱን ላይ ላዩን ብቻ በሰም አሸሁና በብርቄ ቅርጫት ውስጥ ከእሷዎቹ ጋር ቀላቀልኳቸው።

ምን ይሆናል ብዬ እንዳሰብኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አባቴ ሲሰፋ በጣቱ ያውቀዋል፣ ብርቄን ይቆጣታል፣ መርፌው ወደ እኔ ይመለሳል፤ ይኸው ነበር ሐሳቤ። አባቴ ግን አላወቀም። ጊዜው አጥሮ ይጣደፍ ነበር፣ እጁም በሰም ተለብጦ ስለነበር ደረቁን ክር ከሰሙ አልለየውም። ስፌቱ አለቀ፣ ሸራው ተጠቀለለ፣ በስምንት ተሸካሚ ወጥቶ ካሚዮን ላይ ተጫነ።

ታኅሣሥ ሲገባ ሸራውን ሊገጥሙ ወጡ፤ አዲስ ሸራ ስለሚላላ ገመዱን ለማጥበቅም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየተመላለሱ ያድሩ ነበር። እሷን ይዞ፣ እኔን ትቶ። ያጠፋሁት ነገር ያሳክከኝ ስለነበር በመጀመሪያው እሑድ ሲመለሱ ለአባቴ ልነግረው ቆርጬ በር ላይ ጠበቅሁት። አፌን ልከፍት ስል ብርቄ ቀደመችኝ። ሊነጋጋ ሲል ጋሼ ሰይፉ ቀስቅሰዋት በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አራት ኮከቦች መስቀል ሠርተው አሳይተዋት ነበር። «በጎኑ ጋደም ያለ መስቀል፣ አክስቴ፣ ቁልጭ ያለ!» ስትል እናቴ አማተበችና መሬት ሳመች። በዚያው ሰዓት ነገሩ ራጉኤል ደጅ ደርሶ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች እየገቡ «በዓይኗ መስቀል ያየችው የትኛዋ ናት? ከዓይን ያውጣሽ!» እያሉ ግንባሯን ሳሙት። ከኋላ ቆሜ ነበር። አንዷ ሴትዮ ወደ ብርቄ ለመድረስ ገፍታኝ አለፈች። አፌን ዘጋሁ፤ ዘግቼም ቀረሁ።

በመጋቢት፣ ጾሙ መሀል ላይ፣ የበልግ ዝናብ ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ሰይፉ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ የሸራውን ቁራጭ በክንዳቸው ይዘው መጡ። ሌሊት የመሀሉ ስፌት ከላይ እስከ ታች ተተርትሮ ዝናቡ መሣሪያው ላይ ወርዷል፤ የቴሌስኮፑን መስተዋት አራግፈው ቢጠርጉትም የሚያንጸባርቀው ልባሱ ተጎድቶ አዲስ እስኪቀባ የወራት ሥራ ቆሟል። አባቴ ቁራጩን ተቀበለና የተበጠሰውን ክር በሁለት ጣቱ አሸው፤ እንደ ዱቄት በነነ። «ይህን ክር ማን ነው ሰም ያስነካው?» አለ።

ቅርጫቱ የብርቄ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እሷ ወደ እኔ አየች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ» አለች።

እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ምራቄን ስውጠው አብሮ ወረደ። እናቴ «ልጅ ናት፣ ልጅ ይሳሳታል» እያለች ብትለምነውም፣ ጋሼ ሰይፉም «አይዞህ ጋሼ በላይነህ፣ ይጠገናል» ቢሉት፣ አባቴ የሚሰማው የራሱን ነገር ብቻ ነበር። «ሃያ ዓመት የሰፋሁት ስም ነው በአንድ ሌሊት የተተረተረው» አለ። አልመታትም፤ ቁጣም አላወጣም። ጾሙ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ግን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሾፌር ለመነና «ለፋሲካ አባትሽን ጠይቂው» ብሎ አሳፈራት፤ ከዚያ ወዲያም ማንም አላስመጣትም። በመስከረም ትገባበት የነበረውን ትምህርት ቤት ያነሳ ሰው አልነበረም። መኪናው ላይ ከመውጣቷ በፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «መርፌውን አደራ፤ ደንበኛ ፊት እንዳያፍር» አለችኝ። ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

አባቴ ስፌቱን እንደገና ሰፋው፤ ክሩን ሰም ያስነካሁት እኔ ነበርኩ፣ ሦስት ሳይሆን ዘጠኝ ጊዜ እየጎተትኩ። ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ይዞኝ ወጣ። ዓመቱን ሙሉ የቋመጥኩለት ተራራ ላይ በመጨረሻ ቆምኩ። ቤቱ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ከሩቅ እንደሰማሁት ሰማይ ጠቀስ ያልሆነ፣ የማሽን ዘይት የሚሸት ትንሽ ቤት ነበር፤ መሣሪያው ግን መሀል ላይ ጨርቅ ለብሶ ሲታይ ያስፈራ ነበር። የተጎዳው መስተዋት ወጥቶ፣ ከትልቁ ጎን የነበረው ትንሹ ቴሌስኮፕ ብቻ ይሠራ ነበር። ሲመሽ ዶክተሩ ደብተራቸውን በቀይ ባትሪ አብርተው ገለጡት። በየመስመሩ የብርቄ ስም ነበር። ጋሼ ሰይፉ ትከሻዬን ይዘው ወደ ደቡብ አዞሩኝ።

«መስቀሉ አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። በአራቱ መሀል ስንት ታያለሽ? ተረጋግተሽ ቁጠሪ።»

ወደ ላይ አየሁ። ጨለማ ነበር፤ ያው የማውቀው ድፍርስ ጨለማ። ከፉሪ ላይ ሌላ ሰማይ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። እስከ ስንት ሊባል እንደሚችል አሰብኩና ብርቄን እንድበልጣት «አሥራ ሁለት» አልኩ።

ጋሼ ሰይፉ አልተረጎሙትም። «መስቀሉን በጣትሽ አሳዪኝ» አሉ። ጠቆምኩ። እጄን ቀስ አድርገው ያዙና ወዲያ ማዶ ወደ ሌላው አቅጣጫ አዞሩት። «ከታች፣ ገደሉ ሥር፣ የምትበራዋን ፋኖስስ?» የምን ፋኖስ? ዶክተሩ አንድ ነገር ተናግረው ትንሹን ቴሌስኮፕ ወደ ደቡብ አዞሩና ዓይኔን ከማያ ቀዳዳው ላይ አስደግፈው፣ ለእኔ ዓይን እስኪስማማ አንዲት ትንሽ መዘውር ቀስ በቀስ ጠመዘዙ። ድፍርሱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ድንገት ነጥብ ሆነ። አንድ ነጥብ ሳይሆን ብዙ። አባቴ የተሰፋ ሸራ ወደ ፀሐይ አንስቶ ቀዳዳ ሲፈልግ መርፌ በወጋበት ሁሉ የሚገባውን ብርሃን ይመስል ነበር። ጮህኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። የሳይንስ ፍቅር ያስለቀሰኝ መስሏቸው ዶክተሩ ራሴን ዳበሱኝ። እኔ ግን ያለቀስኩት በንዴት ነበር፤ ይህን ሁሉ ብርቄ ያለ ምንም መሣሪያ፣ እንዲሁ አንጋጣ፣ ስታየው ኖራለች። ውሸታም ያልኳት በዚህ ነው። ያኔ እንደቀናሁባት በሕይወቴ በማንም ቀንቼ አላውቅም።

አባቴ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደኝ። ሐኪሙ ለእኔ የሩቅ መነጽር አዘዙልኝና የአባቴን ሁኔታ አይተው እሱንም ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ሁለታችንም መነጽር አድርገን ስንመለስ እትዬ ዘነበች «ምሁራኑ መጡ!» ብላ ግቢውን አሳቀችብን። አባቴ ከዚያ በኋላ ክሩን ራሱ ያስገባ ጀመር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዶክተሩ ሥራቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ የፉሪ ደመና በዝቶባቸው ከባሕር ማዶ ሌላ ደረቅ ተራራ መምረጣቸውን ጋሼ ሰይፉ መጥተው ነገሩን። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ የሄዱት በእሱ ስፌት የተነሣ እንደሆነ ያምን ነበር። «ደመናው ነው፣ አባባ» እለው ነበር፤ ስለ ክሩ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩለትም።

ብርቄን ያገኘኋት ሁለታችንም ከወለድን በኋላ፣ ለአባቴ ተዝካር ከጎጃም ስትመጣ ነው። እንግዳው ሲበተን ጓዳ ውስጥ ይዣት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አይቼሽ ነበር እኮ» አለች። «ከቦኖው ሆኜ፣ በተከፈተው የግቢ በር። ሰሙ ከጉልበትሽ አጠገብ ተቀምጦ አንቺ ደረቁን ትጠቀልያለሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ያኔማ ምን እንደምትሠሪ አልገባኝም። በኋላ ሲገባኝ ደግሞ ምን ልበል? ቢያምነኝ አንቺን ይጠላል፤ ልጁ ነሽ። ባያምነኝ ውሸታም ተብዬ እሄዳለሁ። አንቺም እኮ ውሸታም ስትዪኝ ነው የከረምሽው።» ይህን ያለችው በቂም አልነበረም፤ ፈገግ ብላ ነው።

አሁን ፉሪ እግሩ ሥር ድረስ ቤት ሞልቶታል፤ አባቴ ሸራ የዘረጋበት ግቢ ፎቅ ተሠርቶበት ስንት ሱቅ እንዳለው አላውቅም። እኔ ተምሬ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ያኔ ሁለት ልጆች ሆነን አንዳችን ቅርቡን፣ አንዳችን ሩቁን እናይ ነበር፤ ለሁለታችንም የሚሆን ቦታ በአባቴ ሱቅ ውስጥ እንደነበረ ለማወቅ ግን ዕድሜዬን ፈጀሁ። ብርቄ አልፎ አልፎ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ዛሬም መነጽር አታውቅም፤ ከበረንዳዬ ላይ ሆና የታክሲ ታርጋ ከመንገዱ ማዶ ቁጥር በቁጥር ትጠራልኛለች፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ እቀናለሁ። ባለፈው ስትመጣ የልጅ ልጇን የትምህርት ቤት ውጤት ከጉያዋ አውጥታ ዘረጋችልኝና «እስቲ አንብቢልኝ» አለች። «እኔ እንደሆነ ዓይን እያለኝ ዕውር ነኝ።»

መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩላት። ልጅቷ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች።